የዎርድ ሄዲንግና አውቶማቲክ ማውጫ ሪቪው፦ ቴሲስ ለምትጽፉ ሁሉ

ማውጫ ስትሰሩ ርዕሱን ታይፕ አድርጋችሁ፣ ነጥብ ነጥብ ነጥብ ደርድራችሁ፣ መጨረሻ ላይ የገጽ ቁጥሩን በእጃችሁ የምታስገቡ ከሆነ እባካችሁ ይሄን አንብቡት። የሰው ቴሲስና ፕሮፖዛል ፎርማት ማስተካከል የሁልጊዜ ስራዬ ስለሆነ ብዙ ፕሮግራም ነካክቻለሁ፣ ዛሬ ግን በዋናነት የማወራው ስለ ማይክሮሶፍት ዎርድ ሄዲንግ ስታይልና ስለ አውቶማቲክ ማውጫው ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ተማሪ የሚጽፈው በሱ ነው፣ አድቫይዘሩም ኮመንት ጽፎበት የሚመልስለት የዎርድ ፋይል ነው። ጉግል ዶክስን፣ ሊብሬኦፊስንና ላቴክን ደግሞ ወደ ታች ነካ ነካ አደርጋቸዋለሁ።

ውጤቱን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ርዕሶችን ቁጥር በሚሰጥበት መንገድ ነው፣ እሱን እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ ይግባን። ዎርድ ማውጫ ሲሰራ ጽሁፋችሁን አይቶ «ይሄ ደመቅ ብሏል፣ ተለቅ ብሏል፣ እንግዲህ ርዕስ ነው» ብሎ አይገምትም። የሚያየው ስታይሉን፣ ማለትም ለአንቀጹ የተሰጠውን የፎርማት ስም ነው። አንድን መስመር 16 ፎንት አድርጋችሁ፣ ቦልድ አድርጋችሁ፣ መሀል ላይ አስቀምጣችሁ፣ ከስሩም አስምራችሁበት ስታይሉ ግን ኖርማል ከሆነ ለዎርድ ያው ተራ አንቀጽ ነው፣ ማውጫ ውስጥ አያስገባውም። ብዙ ሰው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ማውጫ አስገባ ሲለው «ምንም የማውጫ ርዕስ አልተገኘም» የሚል ኤረር የሚያገኘው ለዚህ ነው፣ ከዛ «ይሄ ነገር አይሰራም» ብሎ ወደ ነጥብ ድርደራው ይመለሳል። ይሰራል! ስራው ያለው ርዕሶቹ ላይ ነው፣ ማውጫው የሚመጣው ከዛ ተነስቶ ነው።

አደራረጉ እንዲህ ነው፣ ጠቋሚውን ርዕሱ ላይ ታደርጉና ሆም ታብ ላይ ካለው የስታይልስ ሳጥን ሄዲንግ 1 የሚለውን ትነካላችሁ። ለምዕራፍ ሄዲንግ 1፣ በምዕራፉ ስር ላለው ሄዲንግ 2፣ ከዛ በታች ላለው ሄዲንግ 3። በኪቦርድ ከፈለጋችሁ ኮንትሮልና ኦልትን ይዞ 1፣ 2 ወይ 3ን መጫን ነው፣ ማክ ላይ ደግሞ ኮማንድና ኦፕሽን። እስከ ሄዲንግ 9 ድረስ አለው፣ ግን እባካችሁ እዛ ድረስ አትውረዱ፣ 2.3.1.4.2 የሚል ርዕስ ያየ አንባቢ የት እንዳለ ይጠፋበታል። ከሶስት፣ ቢበዛ ከአራት ደረጃ በላይ ካስፈለጋችሁ ችግሩ የፎርማት ሳይሆን የምዕራፉ አከፋፈል ነው ብዬ ነው የማምነው።

እዚህ ጋ ሰው የሚሸሽበት ነገር አለ፣ ሄዲንግ 1ን ሲነኩት ርዕሱ ሰማያዊ ይሆናል፣ ፎንቱም ይቀየራል። ዲፓርትመንቱ ደግሞ የሚፈልገው ጥቁር ነው፣ ታይምስ ኒው ሮማን ነው። ተማሪው ደንግጦ አንዱ በአንዱ እየሄደ ቀለሙን በእጁ ማጥፋት ይጀምራል ወይ ስታይሉን ጭራሽ ይተወዋል። ሁለቱም አያስፈልግም። የስታይልስ ሳጥኑ ውስጥ ሄዲንግ 1 ላይ ራይት ክሊክ፣ ከዛ ሞዲፋይ፣ እዛ ውስጥ ፎንቱን፣ መጠኑን፣ ቀለሙን አስተካክሎ ኦኬ ማለት ነው፣ መቶ ገጽ ዶክመንት ውስጥ ያሉት የምዕራፍ ርዕሶች በሙሉ ባንዴ እኩል ይለወጣሉ። ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር ማየት ስራዬን ከምወድባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ሌላም አቋራጭ አለ፣ አንዱን ርዕስ በፈለጋችሁት መንገድ አሳምሩትና ስታይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ከላይ ያለውን አፕዴት ሄዲንግ 1 የሚለውን ምረጡ፣ ሌሎቹ ሁሉ እሱን ይመስላሉ። ሞዲፋይ ውስጥ ከታች በኩል ለአዳዲስ ዶክመንቶችም ይሁን የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ከነካችሁ የሚቀጥለውን ወረቀት ስትጀምሩ ከባዶ አትነሱም።

ስታይል ስትጠቀሙ ሳትጠይቁት የሚመጣላችሁ ብዙ ነገር አለ። ሄዲንግ ስታይሎች ሲሰሩ ጀምሮ ከሚቀጥለው አንቀጽ ጋር አብረው እንዲሄዱ ተደርገው ነው የተሰሩት፣ ስለዚህ ርዕሱ ገጹ ግርጌ ላይ ብቻውን ቀርቶ ጽሁፉ ሌላ ገጽ ላይ አይጀምርም። ምዕራፍ ሁሌ በአዲስ ገጽ እንዲጀምር ከፈለጋችሁም ኢንተርን እየደጋገማችሁ አትጫኑ፣ ሞዲፋይ ከዛ ፎርማት ከዛ ፓራግራፍ ገብታችሁ ፔጅ ብሬክ ቢፎር የሚለውን ቲክ አድርጉ፣ በቃ። ኢንተር የተደረደረበት ዶክመንት ከላይ ሁለት መስመር በተጨመረ ቁጥር ወደ ታች ይንሸራተታል፣ እሱን መልቀም ከባድ ነው።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ናቪጌሽን ፔኑን ነው። ቪው ታብ ውስጥ ቲክ ስታደርጉት በግራ በኩል የርዕሶቻችሁ ዝርዝር ይመጣል፣ አንዱን ስትነኩት እዛው ያደርሳችኋል። አድቫይዘሩ «2.4 ላይ ያለው ሀሳብ ከ2.2 በፊት ይምጣ» ብሎ ሲጽፍ በድሮው መንገድ ስድስት ሰባት ገጽ ሰሌክት አድርጎ፣ ከት አድርጎ፣ የት ላይ ፔስት እንደሚደረግ ስክሮል እያደረጉ መፈለግ ነው፣ መሀል ላይ አንድ ሰንጠረዥ ሊቀር ይችላል። እዚህ ግን ርዕሷን ይዛችሁ ወደ ላይ ትጎትቷታላችሁ፣ ስሯ ያለው አንቀጽ፣ ሰንጠረዥ፣ ንዑስ ርዕስ ሁሉ ተከትሏት ይሄዳል። ቁጥሩም አውቶማቲክ ከሆነ ራሱ ይስተካከላል። ደግሞ ጽሁፋችሁን ከሩቅ ለማየት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም፣ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ስታነቡት ክርክራችሁ የት ላይ እንደሚዘል፣ የቱ ርዕስ ቦታው እንዳልሆነ ወዲያው ይታያችኋል። 3.1 ኖሮ 3.2 ከሌለ ለምሳሌ እዛ ላይ ያፈጥባችኋል፣ አንድ ብቻ ንዑስ ርዕስ ካለ መክፈሉ ራሱ ለምን አስፈለገ ማለት ነው።

ፒዲኤፍ ሲደረግም ሄዲንጎቹ ቡክማርክ ሆነው እንዲወጡ ማድረግ ይቻላል፣ ሴቭ አዝ ስትሉ ኦፕሽንስ ውስጥ አለ። እና ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር፣ ማየት የተሳናቸው አንባቢዎች በስክሪን ሪደር (ጽሁፉን በድምጽ በሚያነብላቸው ፕሮግራም) ሲያነቡ ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለሉ የሚሄዱት በሄዲንግ ስታይል ነው። ቦልድ ብቻ የተደረገ ርዕስ ለነሱ ርዕስ አይደለም፣ መቶ ሀያ ገጽ እንደ አንድ ረጅም አንቀጽ ነው የሚመጣላቸው። ይሄ ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ሌላው ምክንያት ሁሉ ቢቀር ለዚህ ብቻ ስታይል መጠቀም ይገባል።

አሁን ወደ ማውጫው። ሪፈረንስስ ታብ፣ ቴብል ኦፍ ኮንተንትስ፣ ከዛ አውቶማቲክ ከሚሉት አንዱን መምረጥ። ወዲያው ርዕሶቹ ከነገጽ ቁጥራቸው፣ ከነነጠብጣባቸው ተደርድረው ይመጣሉ። በዲፎልት እስከ ሶስተኛ ደረጃ ያሳያል፣ ከከስተም ቴብል ኦፍ ኮንተንትስ ገብታችሁ ወደ ሁለት ዝቅ ወይ ወደ አራት ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ።

ዋናው መታወቅ ያለበት ነገር ማውጫው ራሱን በራሱ እንደማያድስ ነው። አንቀጽ ጨምራችሁ ገጹ ቢገፋ፣ የርዕስ ቃል ብትቀይሩ ማውጫው አሮጌውን ይዞ ይቀመጣል፣ እናንተ እስክታዙት። ማውጫው ላይ ክሊክ አድርጋችሁ ኤፍ 9 ስትጫኑ ትንሽ ሳጥን ይመጣል፣ ሁለት ምርጫ አለው፣ አንዱ የገጽ ቁጥር ብቻ አድስ፣ ሌላው ማውጫውን በሙሉ አድስ። ጠቋሚው ቀድሞ የሚቀመጠው የገጽ ቁጥር ብቻ የሚለው ላይ ነው፣ ሰው ደግሞ ሳያነብ ኦኬ ይላል። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ውስጥ ላይ «የጥናቱ ውስንነት» የሚል ርዕስ ማውጫው ላይ «የጥናቱ ችግሮች» እንደሚል የሚቀረው፣ ፈታኞች ደግሞ መጀመሪያ የሚከፍቱት ማውጫውን ነው። ሁሌ ሁለተኛውን ምረጡ። የዎርድ ኦፕሽንስ ውስጥ ዲስፕሌይ የሚለው ጋ ከፕሪንት በፊት ፊልዶችን (እንደ ማውጫው ዎርድ ራሱ የሚሞላቸውን ቦታዎች) አድስ የሚል ቲክ አለ፣ እሱንም አብሩት፣ ግን በሱ ብቻ አትተማመኑ፣ ከማስረከባችሁ በፊት ኮንትሮል ኤ፣ ኤፍ 9 ብላችሁ ማውጫውን በአይናችሁ አንብቡት። የገጽ ቁጥር መሆን ያለበት ቦታ ላይ «ኤረር! ቡክማርክ ኖት ዲፋይንድ» የሚል ደማቅ ጽሁፍ ካያችሁ አትደንግጡ፣ ማውጫው የሚያመለክተው ርዕስ ተሰርዟል ወይ ተነካክቷል ማለት ነው፣ በሙሉ ስታድሱት አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ሌላው ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ «ማውጫዬ ውስጥ ሙሉ አንቀጽ ገብቷል» የሚለው ነው። ያ አንቀጽ የሆነ ጊዜ ሄዲንግ ስታይል ተደርጎበታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከርዕሱ ጋር አብሮ ሰሌክት ተደርጎ። ሰው ማውጫው ላይ ሄዶ ይሰርዘዋል፣ ሲያድሰው ይመለሳል፣ እንደገና ይሰርዘዋል። ማውጫው መስታወት ነው፣ ፊት ላይ ያለ እድፍ መስታወቱን በመወልወል አይጠፋም። አንቀጹ ያለበት ቦታ ሂዱና ጠቋሚውን እዛ አድርጋችሁ ኮንትሮል ሺፍት ኤን ብትጫኑ ወደ ኖርማል ይመለሳል፣ ከዛ ማደስ ነው። የማውጫውን መልክ ማሳመርም ያው ነው፣ ማውጫው ላይ ሰሌክት አድርጋችሁ ያደረጋችሁት ቦልድና ፎንት በሙሉ ስታድሱት ይጠፋል። ማውጫው የራሱ ስታይሎች አሉት፣ ቲኦሲ 1፣ ቲኦሲ 2፣ ቲኦሲ 3 የሚባሉ፣ እነሱን ሞዲፋይ ካደረጋችሁ ብቻ ነው የሚጸናው።

እሺ፣ አሁን አንዷን ኮከብ ወዳስቀነሰው ነገር። የርዕስ ቁጥር። 1፣ 1.1፣ 1.1.1 የሚለውን በእጅ መጻፍ ይቻላል ግን አንድ ክፍል ስትጨምሩ ሁሉንም መቀየር ነው፣ ስለዚህ አውቶማቲክ ይሁን። ሆም ታብ ላይ መልቲሌቭል ሊስት የሚል ምልክት አለ፣ ስትነኩት ብዙ ሞዴል ያሳያል። ወሳኙ ነገር ከቁጥሮቹ አጠገብ ሄዲንግ 1፣ ሄዲንግ 2 የሚል ጽሁፍ ያለበትን መምረጥ ነው፣ እሱ ነው ከስታይሉ ጋር የታሰረው። ሌሎቹ ተራ ሊስት ናቸው፣ ምዕራፍ ሶስት ላይ ስትደርሱ ቁጥሩ ከመሀል ተነስቶ 1 ብሎ ሊጀምር ይችላል። እንዳጋጣሚ የምትፈልጉት አይነት ከሌለ ዲፋይን ኒው መልቲሌቭል ሊስት ገብታችሁ ሞር የሚለውን መክፈት፣ ከዛ ለየደረጃው ሊንክ ሌቭል ቱ ስታይል የሚለው ላይ ተገቢውን ሄዲንግ መምረጥ አለባችሁ። «ምዕራፍ» የሚለውን ቃል ከቁጥሩ በፊት እዛው የቁጥር ፎርማት ሳጥን ውስጥ መጻፍ ይቻላል፣ ግራጫ ሆኖ የሚታየውን ቁጥር ግን እንዳትሰርዙት፣ አውቶማቲክ የሆነው እሱ ነው። ምዕራፉ በሮማን ቁጥር ሆኖ ስሩ ያለው 1.1 እንዲል ከተፈለገ ደግሞ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሊጋል ስታይል ነምበሪንግ የሚለውን ቲክ ማድረግ ነው፣ አለበለዚያ ሮማኑ ከተራው ቁጥር ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል።

ይሄ ሁሉ ሲሰራ በጣም ጥሩ ነው። ቅሬታዬ ለማግኘት መክበዱ ነው፣ ሳጥኑ የተጨናነቀ ነው፣ ዋናዋ ምርጫ ሞር ጀርባ ተደብቃለች፣ ከተሳሳተ ቦታ ሆናችሁ ከከፈታችሁት ደግሞ ያለውን ከማስተካከል ይልቅ አዲስ ሊስት ይፈጥርና ሁለት የተለያየ ቁጥር አንድ ዶክመንት ውስጥ ይጋጫል። ስለዚህ ሁሌ ጠቋሚውን የመጀመሪያው ሄዲንግ 1 ላይ አድርጋችሁ ክፈቱት። ለተማሪ በብዛት የሚያስፈልግ ነገር እንዲህ መደበቅ አልነበረበትም።

የገጽ ቁጥሩ ይሻላል። ከምዕራፍ አንድ በፊት ያሉት ገጾች በሮማን፣ ከዛ በኋላ ከ1 የሚጀምር እንዲሆን መሀላቸው ሴክሽን ብሬክ ኔክስት ፔጅ አስገቡ፣ ፉተሩ (የገጹ ግርጌ) ውስጥ ሊንክ ቱ ፕሪቪየስ የሚለውን አጥፉ፣ ከዛ ፎርማት ፔጅ ነምበርስ። ማውጫው ገጹ ላይ የሚታየውን ቁጥር ነው የሚወስደው።

መልኩን በተመለከተ ዲፓርትመንታችሁ የሰጣችሁ መመሪያ ካለ እሱ ይቀድማል። ኤፒኤ (የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማህበር የአጻጻፍ መመሪያ) ከተባላችሁ፣ በ2019 የወጣው 7ኛው እትም አምስት ደረጃ አለው፦ አንደኛው መሀል ላይ ቦልድ፣ ሁለተኛው በግራ ቦልድ፣ ሶስተኛው በግራ ቦልድና ኢታሊክ፣ አራተኛው ገባ ብሎ ቦልድ ሆኖ በነጥብ የሚያልቅና ጽሁፉ እዛው መስመር ላይ የሚቀጥል፣ አምስተኛው እንደ አራተኛው ሆኖ ኢታሊክ የሚጨመርበት። ቁጥር አይሰጥም። «መግቢያ» የሚል ርዕስም አይጻፍም፣ የወረቀቱ ርዕስ መጀመሪያው ላይ ይደገምና መግቢያው ከስሩ ይጀምራል። አይትሪፕልኢ (የኢንጂነሮች ማህበር መመሪያ) ደግሞ በተቃራኒው ይቆጥራል፣ አንደኛው ደረጃ በሮማን ቁጥር መሀል ላይ፣ ሁለተኛው በፊደል በግራ ኢታሊክ። የኤፒኤ አራተኛና አምስተኛ ደረጃ ዎርድ ላይ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ስታይሉ አንቀጹን በሙሉ ስለሚይዝ ማውጫ ውስጥ አንቀጹ ተጠቅሎ ይገባል። ዊንዶውስ ላይ ላላችሁ መፍትሄው ስታይል ሴፓሬተር የሚባል የተደበቀ ምልክት ነው፣ ርዕሱን በሄዲንግ 4 ጽፋችሁ ኮንትሮል ኦልት ኢንተር ትጫኑና ቀጥላችሁ ጽሁፉን በኖርማል ትጽፋላችሁ፣ ሲታይ አንድ መስመር ነው፣ ማውጫ ውስጥ የምትገባው ግን ርዕሷ ብቻ ናት። ይሄን ያሰበ ሰው ይመስገን።

ሌሎቹን በአጭሩ። ጉግል ዶክስ ለአጭር ወረቀትና ለቡድን ስራ አሪፍ ነው፣ ከሄዲንግ 1 እስከ 6 አለው፣ አቋራጩም ያው ኮንትሮል ኦልት ነው፣ ማውጫውም ከኢንሰርት ይገባል፣ ግን ከሄዲንጉ ጋር የታሰረ ባለብዙ ደረጃ ቁጥር እንደ ዎርድ ስለሌለው ቁጥር ያለው ቴሲስ በሱ አልመክርም። እዛ ጀምራችሁ ወደ ዎርድ ብታወርዱት ሄዲንጎቹ ይተርፋሉ፣ ማውጫውን ግን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አስገቡት።

ሊብሬኦፊስ ራይተር ነጻ ነው፣ እና በቁጥሩ በኩል እውነቱን ለመናገር ከዎርድ ይበልጣል። ቱልስ ሜኑ ውስጥ ለርዕስ ቁጥር ብቻ የተሰራ አንድ ሳጥን አለው፣ ደረጃውን ትመርጣላችሁ፣ የቁጥሩን አይነት ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። ኤፍ 11 ስታይሎቹን፣ ኤፍ 5 የርዕስ ዝርዝሩን ያወጣል። ችግሩ አድቫይዘሩ በዎርድ ከሆነ የሚሰራው ፋይሉ በተመላለሰ ቁጥር የሆነ ነገር ሊዛባ ይችላል።

ላቴክ ሌላ አለም ነው። ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቴክ በሚባለው የዶናልድ ክኑት የጽሁፍ ማቀናበሪያ ላይ የሰራው ሲስተም ነው፣ እዚህ ርዕስን «ሴክሽን» ብላችሁ በትዕዛዝ ስለምትጽፉት በእጅ አሳምሮ ማለፍ የሚባለው ነገር እምብዛም አያጓጓም፣ ማውጫው በአንድ ትዕዛዝ ይመጣል። ኮምፓይል ሲደረግ (ትዕዛዙ ወደ ተዘጋጀ ገጽ ሲቀየር) ርዕሶቹን ለብቻቸው ፋይል ላይ ይመዘግብና በሚቀጥለው ዙር ነው የሚያነባቸው፣ ስለዚህ ማውጫው ባዶ ወይ ያረጀ ከሆነ ድጋሚ ኮምፓይል ማድረግ ነው። ለረጅም ርዕስ ማውጫው ላይ የሚወጣ አጭር ስም መስጠት መቻሉ ዎርድም ቢኖረው የምለው ነገር ነው። ሂሳብና ፎርሙላ ለሚበዛበት ሰው ከሁሉም አስቀድመዋለሁ፣ አድቫይዘራችሁ ግን በትራክ ቼንጅስ (እርማቱን እያሳየ በሚመዘግበው የዎርድ መሳሪያ) ካልሆነ አላርምም የሚል ከሆነ ትግል ነው።

የሰንጠረዥና የምስል ዝርዝርም በዚሁ መንገድ ነው የሚሰራው፣ ሪፈረንስስ ውስጥ ኢንሰርት ካፕሽን ብላችሁ ስም ስጧቸው፣ ከዛ ኢንሰርት ቴብል ኦፍ ፊገርስ። «ሰንጠረዥ 3-2» እንዲል የምዕራፍ ቁጥር ጨምር የሚለውን ቲክ ስታደርጉ ዎርድ ሄዲንግ 1 ቁጥር የለውም ብሎ እምቢ ካለ ወደ መልቲሌቭል ሊስቱ ተመልሳችሁ ሄዲንጉ መታሰሩን አረጋግጡ፣ ከታሰረ ወዲያው ይቀበላል።